አሥር ክንድ የነበረው ስጋጃ

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ እናቴ ግን ሰው ሲጠይቃት "አሥራ ሁለትን ልትረግጥ ነው" ነበር የምትለው። ያን ጊዜ ጎንደር ከተማ ውስጥ ከእኔ ክንድ የበለጠ የታወቀ ክንድ አልነበረም ብል አጋነንሽ የሚለኝ የለም። ቢኖርም ትንሽ ነው ያጋነንኩት።

ነገሩ የሚጀምረው ከአክስቴ ነው። አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት። ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ዛሪማ ላለ አንድ ባለርስት ተዳረች። ሰውየው ክፉ አልነበረም። አይማታም፣ አይሰክርም፣ አይሰስትም። ግን አንዲት በቅሎ ነበረችው። ጧት ስለ በቅሎዋ ያወራል፤ ማታ ስለ በቅሎዋ ያወራል፤ እንግዳ ሲመጣ በቅሎዋ ሊማሊሞን እንዴት አድርጋ እንደወጣች ያወራል፤ እንግዳው ሲሄድ ደግሞ እንግዳው ስለ በቅሎዋ ምን እንዳለ ያወራል። አክስቴ ይህን ሦስት ዓመት ሰማች። ከዚያ አንድ ቀን እህል ጭኖ ወደ ጎንደር በሚመጣ ማኪና ላይ ወጥታ እኛ ቤት ዱብ አለች።

"ምነው? ምን አደረገሽ?" አለቻት እናቴ።

"ምንም አላደረገኝም። እሱ የተጋባው ከበቅሎዋ ጋር ነው፤ እኔ ሚዜ ነበርኩ።"

ብዙም ሳይቆይ አጎቴ ተከትሏት መጣ። ደባርቅ ነው የሚኖረው፤ ከእናቴ ያንሳል፣ ከአክስቴ ይበልጣል፤ አያ ነው የምንለው። ጋብቻውን ያገናኘው እሱ ስለነበር ፊቱ ጠቁሮ ነው የገባው። ገና ሳይቀመጥ፣

"ሴት ልጅ በስካር ባሏን ትተዋለች፤ በዱላ ባሏን ትተዋለች። በበቅሎ ባሏን የተወች ከአንቺ ሌላ ማን አለ?" አለ።

"አያ፣ አንድ ሳምንት ሂድና አብረኸው ተቀመጥ፤ ከዚያ እንነጋገራለን" አለችው።

አያ አብሮት ተቀምጦ ያውቃል መሰለኝ፣ ይህን አልተከራከራትም። በመጨረሻ እንዲህ ሲል ፈረደ፦ "እንግዲያው እስከ ፋሲካ። እህትሽ ባሏ የሞተባት በርበሬ ቸርቻሪ ናት፤ አንቺን የምትቀልብበት የላትም። እስከ ፋሲካ በገዛ እጅሽ ሠርተሽ፣ ቤት ተከራይተሽ ለመኖር ከበቃሽ እኔም አፌን እይዛለሁ። ያለዚያ ማኪና ላይ አስቀምጬ ዛሪማ እመልስሻለሁ፤ በቅሎዋንም ደህና አደርሽ ወይ ትያታለሽ።"

መስቀል ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነበር ይህ የሆነው።

አክስቴ ደግሞ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ሙያ እጇ አይገባም። ጠላዋ ይቆመጥጣል። ፈትሏ ይበጠሳል። እናቴ በርበሬ እንድትሸጥ ገበያ ብትወስዳት ሲያስነጥሳት ውላ ተመለሰች። የምትችለው አንድ ነገር ማጠብ ነበር። ልብስ ስታጥብ ያየ ሰው ልብሱ አንድ ነገር በድሏት እየተበቀለችው ይመስለዋል።

ያን ጊዜ የከተማው ሰው ስጋጃ ማንጠፍ ለምዶ ነበር። ጣሊያን ጥሎት የሄደም አለ፤ ከዓረብ ሱቅ የተገዛም አለ። ስጋጃ ግን በዓመት በዓል ይራገፋል እንጂ ይታጠባል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ጎረቤታችን ልጇን ስትድር አንድ ድስት ወጥ ስጋጃዋ ላይ ተገለበጠና ጩኸቷ ሰፈሩን አነቃነቀው። አክስቴ ተሸክማው ቀሃ ወንዝ ወረደች። ከወለቃ ሸክላ ሠሪዎች የተገዛ ትልቅ ጋን ሙሉ እንዶድ ዘፍዝፋ፣ እኔን ወገቧን አስይዛ፣ ጧት የጀመርነውን እስከ ማታ ረገጥነው። የሚወርደው ውሃ መጀመሪያ ጥቁር ነበር፤ ቀጥሎ ቡናማ ሆነ፤ ቀጥሎ ምን እንደምል አላውቅም። ማታ ላይ ድንጋይ ላይ ስንዘረጋው ስጋጃው መሀል ክንፉን የዘረጋ ጣዎስ ብቅ አለ።

ጎረቤታችን አየችውና፣ "ይሄ የኔ አይደለም" አለች።

"ያንቺው ነው፤ ታጥቦ ነው" አለች አክስቴ።

"የኔ ጥቁር ነው።"

"ጥቁሩ እድፉ ነበር።"

"ስንት ዘመን የተቀመጥኩበትን ስጋጃ አላውቀውም ልትዪኝ ነው? እኔ ጣዎስ ላይ ተቀምጬ አላውቅም!"

ወጡ የነካበት ጥግ ላይ አይጥ የበላው ምልክት ነበረ፤ እሱን ስታሳያት ነው ያመነችው። ከዚያማ ምን አለፋችሁ፣ ከተማው ሁሉ የእሱ ስጋጃ ውስጥ ምን አውሬ እንደተኛ ለማወቅ ጓጓ። አንዷ አንበሳ ወጣላት። አንዱ አበባ ወጣለትና አንበሳ ባለመሆኑ ተቀየመን። አንድ ቄስ ያመጡት ግን ገና ሁለት ጊዜ ሳንረግጠው ውሃው ውስጥ ሟሟ፤ ለካስ አንድ አድርጎ የያዘው እድፉ ኖሯል።

ሥራው ሸጋ ነበር። ችግሩ ዋጋው ነው። ሰው ስጋጃውን ተቀብሎ "ስንት ልስጥሽ?" ሲላት አክስቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ትስብና፣ "ኧረ ምን አለ… እንደ ፈቀዱ" ትላለች። ሰውየውም እንደ ፈቀደ ያደርጋል። "እጅሽ ይባረክ" የሚል አለ። "ክፉ አይንካሽ" የሚል አለ። አንዷ አንዲት ዶሮ አመጣችልን፤ ዶሮዋ ለእንዶድ ማሰሪያ ያስቀመጥነውን ጨርቅ ውጣ ሞተች። በምርቃት ብዛት ቢሆን ኖሮ አክስቴ እስከ ገና አራዳን በገዛችው ነበር።

እናቴ አንድ ቀን ብሶባት ተነሣች።

"ቤት አከራይ አሜን ይቀበላል? እኔ ገበያ ቁጭ ብዬ 'እንደ ፈቀዳችሁ' ብል በርበሬውን ከነስልቻው፣ እኔንም ከነመቀመጫዬ ይዘውኝ ይሄዳሉ። ዋጋ ቁረጪ!"

"እትዬ፣ አፌ አይልልኝም። ሰው ፊት ቆሜ ይሄን ያህል አምጣ ማለት… ምን ይሉኛል?"

"እንግዲያው አንቺ አትናገሪ፤ ክንድ ይናገር። አቡጀዲ በክንድ ይሸጥ የለ? ስጋጃም በክንድ ይታጠባል። አንዱ ክንድ ስሙኒ። ጎዶሎዋም እንደ ሙሉ ትቆጠራለች።"

እዚህ ላይ የዚያን ዘመን የክንድ ነገር ለማያውቅ ልንገር። ክንድ ከክርን እስከ መሀል ጣት ጫፍ ነው፤ የማን ክርን የሚለው ግን የእግዜርም ፍርድ የለበትም። ጨርቅ ለመግዛት ሱቅ የሚሄድ ሰው ክንደ ረጅም ዘመዱን ይዞ ይሄዳል። በየቤቱ ለዚሁ ሲባል ብቻ የሚከበር አንድ ዘንጋዳ የመሰለ የአክስት ልጅ አይጠፋም። ባለሱቁም አላጣው፤ ወንድሙን፣ አጭሩን፣ ባንኮኒው ጀርባ ያስቀምጣል። ሁለቱ ክንዶች ሲፋጠጡ ከመንገድ መካከለኛ ክንድ ያለው ሰው ተጠርቶ ይገላግላል።

የመጀመሪያዋ የክንድ ደንበኛችን የአንድ ፊታውራሪ ሚስት ነበሩ። ወይዘሮዋ ወሬውን አስቀድመው ሰምተዋል መሰለኝ ዘበኛቸውን አስከትለው መጡ። ዘበኛው ክንዱን ሲዘረጋ ቀንበር የተዘረጋ ይመስላል።

"በል ለካው" አሉት።

"የለም እሜቴ" አለች እናቴ። "ሱቅ ሲሄዱ የሚለካው የባለሱቁ ክንድ ነው። ሥራው የቤታችን፣ ክንዱም የቤታችን።" ከዚያ ከበሩ ኋላ እጄን ይዛ ጎትታ አወጣችኝ። "ይቺ ናት የቤታችን ክንድ።"

"ይቺማ ልጅ ናት!"

"ልጅ ብትሆንም ክንድ አላት እሜቴ። ይኸው፣ ሁለት።"

ተንበርክኬ ለካሁ። ዘጠኝ ሞላና ትንሽ ተረፈ፤ እናቴ ጮክ ብላ "አሥር!" አለች። ወይዘሮዋ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ አንድ ነገር አሰቡ መሰለኝ ቀስ ብለው ዘጉት።

"አሥር ነው ያልሽው?"

"አሥር።"

"አንተ ሰባት ነው አላልከኝም?" ብለው ዘበኛቸውን ገላመጡት። ወደ ስጋጃቸው ሲመለሱ ዓይናቸው አዲስ ነገር እንዳየ ሰው በራ። ሂሳቡን ሳይከራከሩ ከፈሉና ሄዱ። በሳምንቱ ከተማው ሁሉ የፊታውራሪው ቤት ስጋጃ አሥር ክንድ መሆኑን ሰማ።

ከዚያ በኋላ ክንደ ረጅም ዘመድ ይዞ የመጣ አልነበረም። "በልጂቱ ይለካልኝ" ነው የሚሉት። የጎረቤታችን ጣዎስ ስምንት ክንድ ወጣው፤ ባለ አንበሳዋ ስምንት ተኩል ናት ብላ ስትከራከር እናቴ "ዘጠኝ ትቆጠርልሻለች" ስላለቻት አቅፋ ሳመቻት። የሰው ኩራት በክንድ ስሙኒ ሲሸጥ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አክስቴም አንዲት ቃል ሳትናገር፣ ነጠላዋን ከአፏ ሳታነሣ፣ ገንዘብ መያዝ ጀመረች። ቀሃ አጠገብ የምትከራያትን ክፍል ሳይቀር አየች።

ሁሉም ሸጋ ሆኖ ሳለ እኔ ማደግ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ያየችው አክስቴ ናት። በየእሑዱ ክንዴን ከቡና ዘነዘና ጋር ታስተያየዋለች። ከገና በኋላ አንድ ቀን፣ "ምነው! አደግሽብኝ እንዴ?" አለችኝ፤ እንደ ሌባ ነው ያየችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበታ ላይ ዓይኗ ከእጄ አይነሣም። እንስራ የሚሸከም ልጅ አያድግም የሚል ነገር ከየት እንደሰማች እንጃ፣ የሰፈሩን ሁሉ ውሃ አስቀዳችኝ።

"ልጄን ለስጋጃ ብለሽ ልታጫጪያት ነው?" አለቻት እናቴ።

"እትዬ፣ እኔ ቁመቷን አልኩ? ቁመቷ ይደግ፣ እግሯ ይደግ፣ የፈለገው ይደግ። ክንዷን ብቻ እስከ ፋሲካ ትያዝልኝ።"

"በምን ትያዘው?"

"አትንጠራራ! ጧት ስትነሣ ትንጠራራለች፤ በዓይኔ አይቻታለሁ።"

ሁዳዴ ሲገባ አክስቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። "ተመስገን፤ እንግዲህ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ። አሁን የት ታድጋለች" አለች። እኔ ግን በሽሮና በባቄላ አደግሁ። እንዲያውም በጾሙ ባሰብኝ። እናቴ "ጸሎቷ ነው" እያለች ትስቅባታለች፤ አክስቴ አትስቅም። ለእሷ እያንዳንዷ ጣት ወደ ዛሪማ የምትመልሳት መንገድ ነበረች።

የሰሞነ ሕማማት ዋዜማ ላይ ወይዘሮዋ ያን ስጋጃ ለፋሲካ ይታጠብ ብለው በዘበኛቸው እጅ በቀጥታ ወደ ወንዙ ላኩት። አጥበን፣ አድርቀን፣ ተሸክመን ግቢያቸው ወሰድነውና እዚያው ዘርግተን ለሂሳቡ ልንለካው ሆነ። ተንበረከኩ። ለካሁ። ዘጠኝ።

እናቴ ፈገግ አለች። "ዘጠኝ ክንድ እሜቴ። ዋጋው ቀንሶልዎታል።"

"ዋጋው የቀነሰው ስጋጃዬ ስለቀነሰ ነው!" ብለው ጮኹ። "አሥር ክንድ ነው የሰጠኋችሁ! አንዱ ክንድ የታለ? ቆርጣችሁ ለማን ሸጣችሁት?"

"ኧረ እሜቴ፣ ጫፉን ይዩት…"

"ጫፉንማ መልሳችሁ ሰፍታችሁታል! የማትችሉት ነገር አለ? ጥቁሩን ቀይ የምታደርጉ ሰዎች!"

ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ግቢውን ሞላው። አክስቴ ጣቷን ነክሳ ቆማለች። ስጋጃ ትሰርቃለች ከተባለች ማን ያሳጥባታል? ዘበኛው፣ ለመርዳት ብሎ ነው መቼም፣ "እሜቴ፣ ልጂቱ ተሳስታ እንደሆነ እኔ ልለካው" ብሎ ያን ቀንበሩን ዘረጋ። ሰባት ሆነ።

"ወይኔ! ሌላ ሁለት!" ብለው ወይዘሮዋ ደረታቸውን መቱ። "እያየነው ነው የሚያልቀው!"

በዚያ መሀል ሰውን ገፋ ገፋ አድርጎ አያ ገባ። ፋሲካ ደርሷልና አክስቴን ሊወስድ ከደባርቅ መምጣቱ ነበር፤ ቤት ቢያጣን ጎረቤት ወደዚህ ላከችው።

"ምንድን ነው ነገሩ?" አለ።

"አንቱ ደግሞ ማን ነዎት?" አሉት ወይዘሮዋ።

"የሴቲቱ ወንድም ነኝ።"

"እንግዲያው የእህትዎን ሥራ በገዛ ክንድዎ ይለኩ!"

አያ ምን እንደተያዘ እንኳ ሳይገባው ተንበርክኮ ለካ። "ስምንት" አለ።

"ተመስገን፣ አንዱ ተመለሰ!" አለ ዘበኛው።

ያን የሟሟውን ስጋጃ ያመጡት ቄስም ከሰው መሀል ነበሩ። "ሱፍ ውሃ ሲነካው ይሸሻል፤ ፀሐይ ሲነካው ይመጣል። ይታገሡት፣ እስከ ማታ አሥር ይገባል" አሉ። ከሰው ግማሹ ራሱን እየነቀነቀ አመነ። ሁለት ሴቶች ስጋጃው ሲመጣ ለማየት ቁጢጥ ብለው ተቀመጡ።

እናቴ ትዕግሥቷ ያለቀው እዚህ ላይ ነው። እጄን ቀጨም አድርጋ ስጋጃው መሀል አቆመችኝ።

"ይሄን ቀሚስ ለመስቀል ነው ያሰፋሁላት፤ የሰፋው ሰው እዚህ ሰፈር ነው፣ ይጠየቅ። ያን ጊዜ እጅጌው ጣቷን ይሸፍን ነበር። አሁን እዩት!" ክንዴን ወደ ላይ አነሣችው። እጅጌው ከአንጓዬ በላይ ተሰቅሎ ቀርቷል፤ እውነቴን ነው፣ የሌላ ሰው ልብስ የለበስኩ ነበር የምመስለው። "የጠፋው ክንድ ይኸውላችሁ። ስጋጃው አላጠረም፤ ልጂቱ ናት የበቀለችው!"

ወይዘሮዋ እጅጌዬን አዩ፤ ስጋጃውን አዩ፤ የዘበኛቸውን ክንድ አዩ። ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው መሳቅ ጀመሩ። ቆመው መሳቅ ሲያቅታቸው እዚያው ስጋጃው ላይ ቁጭ አሉ። ሰው ሁሉ አብሮ ሳቀ። ቁጢጥ ያሉት ሴቶች ብቻ ትንሽ ቅር አላቸው።

እንባቸውን ጠርገው ሲያበቁ ወይዘሮዋ፣ "ታዲያ እኔ ስንት ልክፈል?" አሉ። "በዚህች ልጅ ክንድ ከቀጠልን እኮ ስትዳር በነፃ ልታጥቡልኝ ነው። በዘበኛዬ ክንድ ይለካ ብል እናንተ ትጮኻላችሁ።" እናቴ አፏን ልትከፍት ስትል እጃቸውን አነሡባት። "አንቺ ዝም በይ፤ አንቺን ሰማሁሽ። የሚያጥበው ሰው ይናገር።"

ዓይን ሁሉ አክስቴ ላይ ሆነ። እጇ ወደ ነጠላዋ ሄደ፤ ነጠላዋ ወደ አፏ ሄደ። አያ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ይመለከታታል። "እንደ ፈቀዱ" ካለች ያለቀ ነገር ነው፤ ደግሞ ልትለው ነው፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። እናቴ ጭንቅ ሲላት እሷን መቆንጠጥ ባትችል እኔን ቆነጠጠችኝ። "እንዴ!" ብዬ ጮኽኩ።

አክስቴ ነጠላዋን ከአፏ አወረደችው።

"ለትልቅ ስጋጃ ሁለት ብር" አለች። "ለትንሹ አንድ ብር። ከክንድ ጋር ተፋትቻለሁ።"

"ሁለት ብር? አንድ ተኩል አድርጊው።"

"ሁለት።"

"አንድ ከሰባ አምስት፤ ለበዓሉ።"

"ሁለት፣ እሜቴ። አንበሳ ቢወጣበትም ባይወጣበትም።"

"እንቢ ብልሽስ?"

"እንቢ ካሉኝ የዛሬው ይቅር፤ ለገና ግን ሌላ አጣቢ ይፈልጉ።" ዓይኗ መሬት አልወረደም።

ወይዘሮዋ ወደ ዘበኛው ዞር አሉና "ስጣት" አሉት። ቀጥለው ወደ አክስቴ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ብቻ አንድ ነገር፤ ሰው ቢጠይቅሽ ስንት ክንድ ነው ትያለሽ?"

"አሥር ነዋ እሜቴ" አለች አክስቴ። "ከገና በፊት ለክተነዋል።"

ወደ ቤት ስንመለስ አያ ከፊት ከፊት ይሄዳል። ቁልቁለቱን ጨርሰን ቤታችን ስንቃረብ ድንገት ቆመና፣ "ለአንድ ስጋጃ ሁለት ብር?" አለ።

"አዎ አያ።"

"አንድ ከሰባ አምስት ሲሉሽ እንቢ አልሽ?"

"አዎ።"

"እኔ ብሆን በአንድ ተኩሉ እሺ እል ነበር" አለና መንገዱን ቀጠለ።

በማግስቱ አያ ቀሃ አጠገብ ያለችውን ክፍል ራሱ ሄዶ አየ፤ ጣራው ያፈሳል ብሎ ከባለቤቱ ጋር ተከራክሮ አስጠገነና ተከራየላት። ፋሲካን እኛ ጋ ውሎ ደባርቅ ተመለሰ። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ዛሪማ ወርዶ እህቴ አትመለስም ብሎ ለሰውየው ነገረው፤ በሽማግሌ ፊት ፍቺውን አስጨረሰ። የእሷን ድርሻ፣ ሁለት ላምና አንዲት ጊደር፣ ሊማሊሞን በእግሩ እየነዳ አውጥቶ ጎንደር ድረስ አመጣላት።